የጅብራ አምባ ወፍ

ወይዘሮ የትምወርቅ ለመሞት ተሰናድተው ጨርሰዋል፤ ያገዳቸው ቀባሪ ማጣት ብቻ ነው። ንስሐ ገብተዋል፣ ቆርበዋል፣ የሚገነዙበትን ነጠላ አሳጥበው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋል። ይህን ሁሉ ለደብሪቱ የነገሯት መደብ ላይ ተጋድመው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ነገር ግን አንድም ቃል ሳይስቱ ነው። ደብሪቱ ከራስጌያቸው በርጩማ ስባ ተቀምጣለች። ካፖርቷን አላወለቀችም፤ የጅብራ አምባ ብርድ ደጅ የሚቀር ብርድ አይደለም።

"ልጄ፣ እኔ ሞት አልፈራም" አሉ አሮጊቷ። "በዚህ አጥቢያ ያልቀበርኩት ሰው የለም። ለወዳጄም ለጠላቴም አልቅሻለሁ። እኔ ስሞት ግን ልጄና ሚስቱ ብቻቸውን ጎትተው እንዲጥሉኝ አልፈልግም። ሰው ይቅበረኝ። ሌላ የምለምንሽ የለም።"

ደብሪቱን የጠራቻት ምራታቸው አረጋሽ ናት። ከጅብራ አምባ እስከ ቀየት በእግሯ ወርዳ፣ ከቀየት በሚኒባስ መሐል ሜዳ ከተማ ገብታ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ "ደብሪቱ የማፈላለግና የማጣራት ሥራ" የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበትን ክፍል አንኳኳች። ያ ሰሌዳ የተሰቀለ ሰሞን ከተማው ስቆ ሊሞት ነበር፤ ሴት ልጅ ከጠላ ሌላ ምን ታጣራለች ተባለ። ደብሪቱ ግን ከዓለም ከተማ የጠፋውን ሙሽራ አዲስ አበባ ድረስ ተከትላ ከሁለተኛ ሠርጉ ላይ ያዘችው። የወፍጮ ቤት ሞተር ነቅለው የሸጡትንም ወንድማማቾች ከነገዢያቸው አወጣቻቸው። ሳቁም ቀስ በቀስ ቆመ። አርባን ያለፈች፣ ከፖሊስ ሥራ በገዛ ፈቃዷ የወጣች ሴት ናት። ባል ነበራት፤ ስለ እሱ አታወራም፣ እኛም አናነሳባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኅዳር ጽዮን ዕለት ጠዋት፣ አጥቢያው ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ የአቶ መኳንንት የገብስ ክምር አውድማው ላይ ተቃጠለ። የዓመት እህል በአንድ ጠዋት አመድ ሆነ። ፖሊስ መጥቶ አየ፣ ጠየቀ፣ ማስረጃ አጣና ተመለሰ። አገሩ ግን የራሱ መላ አለው፤ አውጫጭኝ ተቀመጠ። አጥፊው ያልታወቀ እንደሆነ አጥቢያው በሙሉ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ሰው እየማለ እርስ በርሱ የሚመረማመርበት ሸንጎ ነው። ያየ ሰው በአደባባይ መናገር ከፈራ፣ ሸንጎውን ለሚመሩት ሽማግሌ ለብቻቸው ሹክ ይላቸዋል። ይህ ሰው "ወፍ" ይባላል። ወፏ ማን እንደሆነች ከሽማግሌው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሽማግሌውም ስሟን ላያወጡ ምለው ነው ቃሏን የሚቀበሉት።

ወፏም ያን ለት ጠዋት ወንድምአገኝ ጋቢውን ተከናንቦ ከአውድማው ሲወርድ አይቼዋለሁ አለች። ወንድምአገኝ የወይዘሮ የትምወርቅ ልጅ፣ የአረጋሽ ባል ነው። ከአቶ መኳንንት ጋር በማሳ ድንበር ተጣልተው ሁለት ክረምት ሰላም አይባባሉም። እሱ ግን የጠፋች ባዝራዬን ፍለጋ ጓሳው የሣር ሜዳ ላይ ነበርኩ ይላል፤ ጓሳ ላይ ደግሞ ያየው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ እስከ እሑድ ቀን ሰጡት። አምኖ ከካሠና ከታረቀ ነገሩ ያልቃል። እምቢ ካለ እሳት የሚጭርለት፣ ወንፈል የሚወጣለት አይኖርም፤ ከእድሩም ይሰረዛል። ከቤቱ ሬሳ ቢወጣ የሚያነሳ የለም።

ወንድምአገኝ ደጅ ተቀምጦ የተሰበረ ሞፈር ይጠርባል። ደብሪቱ ለመገላገል ብለህ ለምን አታምንም ብላ ጠየቀችው። ቀና ብሎም አላያትም፤ ያላደረግሁትን አላምንም፣ በቃ፣ ብሎ መጥረቢያውን አሳረፈ። እናትየው ከውስጥ ሰምተው ኖሮ ድምፃቸው መጣ።

"በሐሰት አምኖ በወግ ከሚያስቀብረኝ ጅብ ይብላኝ!"

ደብሪቱ ወደ ውስጥ ተመለሰች። እንዲህ ያለ ጊዜ መለሳለስ አትወድም።

"እማማ፣ እኔ የማገኘውን ነው የምናገረው፤ እርስዎ የሚፈልጉትን አይደለም። ያቃጠለው ልጅዎ ቢሆንስ?"

"እሱም ከሆነ ንገሪኝ። አውቄው ልሙት" አሉ።

ደብሪቱ ይህን መልስ ወደደችው። ደንበኞቿ ሁሉ እውነት እንፈልጋለን ይላሉ፤ እውነቱ ሲመጣ ግን ብዙዎቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። የአሮጊቷን እጅ ጨብጣ ወጣች፤ እሑድ ሳይመሽ ይህን ነገር ካላፈረጥኩት ያንን ሰሌዳ አውርጄ እማግደዋለሁ አለች በሆዷ።

አውድማው ከመንደሩ በላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጉብታ ላይ ነው። አቶ መኳንንት ስትወጣ አይተዋት ኖሮ ቀድመዋት ቆሙ። ረዥም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ በአነጋገራቸው ትእዛዝ የለመዱ ሰው ናቸው። እግሯን ልታነሳ ስትል በበትራቸው ከለከሏት።

"ሴት አውድማ አትገባም" አሉ።

"ገብሱ እኮ ተቃጥሎ አልቋል። ምን ቀረና ነው የምረግጥብዎ?"

"አውድማ አውድማ ነው።"

ደሟ ፈላ። በፖሊስነቷ ዘመን የሞተ ሰው ያለበት ቤት ስትገባ ማንም ከልክሏት አያውቅም። ነገር ግን ከአመድ ጋር ተጣልቼ ምን አተርፋለሁ ብላ ከዳር ካሉት ድንጋዮች ላይ ተቀመጠችና ጥያቄዋን ቀጠለች። አቶ መኳንንት ያን ለት እንደ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ክምሩን ሌሊት ሌሊት የሚጠብቀው ልጃቸው ምንተስኖት ነው፤ እሱም ጎህ ሲቀድ ለቅዳሴ ተነስቶ ሄዶ ነበር። ጩኸቱ ሲሰማ ሁሉም ወደ እሳቱ ሮጠ፤ እሳቸው በጉልበታቸው ምክንያት መጨረሻ ደረሱ።

"ልጄ ግን ከሁሉ ቀድሞ ነው የደረሰው" አሉ፤ እዚህ ላይ ድምፃቸው ለስለስ አለ። "ከቤተ ክርስቲያን ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ እኛ ስንደርስ ከእሳቱ ጋር ብቻውን ይታገላል።"

በዚህ ውርጭ ሌሊቱን ብርዱን እንዴት ይችለዋል ብላ ጠየቀች። ደረብ ያለ ጋቢ አለው አሉ። እሳትስ አያነድም? አቶ መኳንንት ፊታቸው ጠቆረ። ከአውድማዬ እሳት የሚያነድ ልጄ አይደለም ብዬ በመድኃኔ ዓለም ምያለሁ፣ እሱም ያውቃል አሉ።

ከዚያ እሳቱ የጀመረበትን ሊያሳዩዋት ወደ አመዱ ሊገቡ ተነሱ። ዳር ሲደርሱ ቆም አሉና ኮንጎ የሚባለውን የላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ፤ ጎን ለጎን አደረጉትና በባዶ እግራቸው አመዱን እየረገጡ ሄዱ። ደብሪቱ ከድንጋዩ ላይ ሆና ጫማውን አየችው።

"ለአመድም ጫማ ያወልቃሉ?" አለቻቸው።

አቶ መኳንንት ወደ እግራቸው ተመለከቱ፤ ራሳቸውም የተገረሙ መሰሉ። "እኔ እንጃ" አሉ። "ከልጅነቴ ጀምሮ እህል ያለበትን በጫማ ረግጬ አላውቅም። እግሬ ነው ያወለቀው።"

እሳቱ የተነሳው ነፋስ ከሚመጣበት ከምሥራቅ በኩል መሆኑን አሳዩዋት። እሷ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ያ እግሬ ነው ያወለቀው ያሉት ነገር እስከ መንደሩ ድረስ ሲከነክናት ወረደች።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሳሌም ያን ለት እሳቱን በስልኳ ቀርጻዋለች። ቪዲዮው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያላየው የአጥቢያው ሰው የለም፤ ቀየት ላይ ሻይ ቤት ውስጥ ሳይቀር ታይቷል። ደብሪቱ ጤና ኬላው ውስጥ ከክትባት ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ ስልኩን ተቀበለች። ሰው ሁሉ የሚያየው ነበልባሉን ነው፤ እሷ ነበልባሉን ትታ እግር እግሩን አየች። በቅጠል የሚመታው ባለጫማ ነው። በጀሪካን ውሃ የሚያመላልሰው ባለጫማ ነው። ካህኑ እንኳ በጫማ ናቸው። በባዶ እግሩ የቆመው አንድ ምንተስኖት ብቻ ነው፤ ጥላሸት እስከ ጉልበቱ ወጥቶበታል። ከዚያ ሳሌም ስልኩን ስታዞረው፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣ ከአውድማው ዳር ካሉት ድንጋዮች አጠገብ አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ ታየ። ጎን ለጎን ቆሟል።

"ይሄን ጫማ አይተሽዋል?" አለቻት።

"አዎ፣ ስንቴ" አለች ሳሌም። "ከአውድማ ዳር ጫማ መኖሩ ምን ይገርማል?"

ደብሪቱ ሳቋ መጣና አፏን ያዘች። አጥቢያው በሙሉ ይህን ጫማ አይቶታል፤ አጥቢያው በሙሉ ደግሞ ከአውድማ ዳር ጫማ ማየት ስለለመደ አላየውም። እሳት ለማጥፋት የሮጠ ሰው ከዳር ቆሞ ጫማ አያወልቅም። ከቤተ ክርስቲያን በባዶ እግሩ የሮጠ ሰው ደግሞ ጫማው የሚቀረው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው። ይህ ጫማ ከእሳቱ በፊት፣ ክምሩ ክምር ሳለ፣ በወጉ የወለቀ ጫማ ነው። ባለቤቱ ቅዳሴ አልሄደም፤ አውድማው ላይ ነበር።

የቀረው ወፏ ናት። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሸንጎውን የሚመሩት አባባ መልከ ጼዴቅ ቤት ሄደች። ሽማግሌው ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግማሉ። በጅብራ አምባ እሳቸው ያስታረቁት ተጣልቶ አያውቅም ይባላል። አረጋሽ መንገድ ላይ እንደነገረቻት ምንተስኖትን ክርስትና ያነሱትም እሳቸው ናቸው። ደብሪቱ እጅ ነስታ ቆመች እንጂ የወፏን ስም አልጠየቀችም። የጠየቀችው ደንቡን ነው፤ ወፍ ከተበዳዩ ቤት ትሆናለች ወይ?

ጣታቸው ከመጽሐፉ ገጽ ላይ ቆመ። "አትሆንም" አሉ። "የተበደለ ቤት ዓይኑ በቂም ይጋረዳል። አባቶቻችን ይህን ከልክለዋል።"

"ዘንድሮስ ይሄ ደንብ ተጠብቋል፣ አባባ?"

ሽማግሌው ዳዊታቸውን አጠፉ። ከመሐል ሜዳ መጥታ አጥቢያውን ልትፈትን እንደማይገባት፣ ሴትም አውጫጭኝ ላይ እንደማትቆም በቁጣ ነገሯት። ደብሪቱ ብዙ የሐሰት ቁጣ አይታለች፤ ይህ የሐሰት አልነበረም፤ ራሱን የጠረጠረ ሰው ቁጣ ነበር። በቪዲዮው ያለውን ጫማ ልታሳያቸው እጇ ከሳሌም ወደተዋሰችው ስልክ ሄዶ ተመለሰ። ዛሬ ካሳየኋቸው የክርስትና ልጃቸው እስከ ነገ የሚለውን ያበጃል አለች። ተሰናብታ ወጣች፤ በቀጥታም ወደ ወይዘሮ የትምወርቅ ቤት ሄዳ፣ ነገ ተሸክመው ቢወስዱዎት ይችላሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ ሳይሞቱ መንገዱን ቢለማመዱት ምንም እንደማይጎዳቸው ነገሯት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጥቢያው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከትልቁ ጽድ ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ እንደ ልማዱ ከግንቡ ወዲያ ቆመው ያዳምጣሉ። ወንድምአገኝና የአረጋሽ ወንድሞች ወይዘሮ የትምወርቅን በአልጋ ተሸክመው አመጡና መሐል ላይ አሳረፉ። ማንም ሊያግዛቸው አልተነሳም። አንዳንዱ ግን ዓይኑን ሰበረ፤ እኒህ ሴት ያላዋለዱት፣ ያላስታመሙት ቤት በዚያ የለምና።

አባባ መልከ ጼዴቅ ወንድምአገኝን ታምናለህ ወይ አሉት። አላደረግሁትም አለ። ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፣ ሦስት ጊዜ መለሰ። ሽማግሌው ፍርዱን ሊያወጡ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ከአልጋው ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"መልኬ፣ ቆይ" አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ። ሽማግሌውን በዚህ ስም የሚጠራቸው ሌላ ሰው በሕይወት የለም። "ፍርዱ የሚያርፈው እኔ ሬሳ ላይ ነው። ልናገር። አፌ ስለደከመ ነገረ ፈጅ አቁሜያለሁ። እቺ ናት።"

ጉምጉምታ ተነሳ። ሴት ነገረ ፈጅ የት ታይቷል አለ አንዱ።

"ነገረ ፈጅ ወንድ ብቻ ይሁን የሚል ደንብ ካለ ጥቀሱልኝ" አሉ አሮጊቷ። "ከመልኬ አባት ጀምሮ እዚህ ጽድ ሥር ስመላለስ አልሰማሁም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ደንብ የሚጠቅስ ጠፋ። ደብሪቱም ማንም ተናገሪ ሳይላት ከግንቡ ወዲያ ካሉት ሴቶች መካከል ወጥታ ወደ መሐል ገባች።

ያን ለት እሳት ያጠፋችሁ ተነሱልኝ አለች። ብዙ ሰው ተነሳ፤ ምንተስኖትም ተነሳ፤ ከሲታ፣ ጢሙ ገና የሚያቀምቅም ወጣት ነው። ከእናንተ መካከል እሳቱ ጋ ስትደርሱ ከአውድማው ዳር ጫማውን ያወለቀ አለ? አለቻቸው። ሳቅ ተሰማ።

"አውድማ እየነደደ ማን ጫማ ያወልቃል?" አለ አንድ ጎልማሳ።

እሷ አልሳቀችም። አንድ በአንድ እየዞረች ጠየቀች፤ እያንዳንዱ በአጥቢያው ታቦት ስም አላወለቅሁም አለ። ምንተስኖት ተራው ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያን በባዶ እግሬ ነው የመጣሁት አለ። አውቃለሁ አለችውና አለፈችው። ከዚያ የሳሌምን ስልክ ለአባባ መልከ ጼዴቅ ሰጠቻቸው፤ ከድንጋዮቹ አጠገብ የቆመውን ይመልከቱ አለቻቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አጠለቁ። እሳቸው ሲመለከቱ ቪዲዮው በስልካቸው ያለ ወጣቶችም እያወጡ ማየት ጀመሩ፤ ጽዱ ሥር ያ የእሳት ድምፅ ከየኪሱ ተነሳ። ደብሪቱ ምንም አልጨመረችም። እዚያ ለተቀመጡ ሰዎች ከአውድማ ዳር ጎን ለጎን የቆመ ጫማ ምን ማለት እንደሆነ መተርጎም ስድብ ነው።

አባባ መልከ ጼዴቅ መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ምንተስኖት" አሉ። "ልጄ፣ ያን ለት ጫማህን ከየት ነው ያነሳኸው?"

ልጁ ወደ አባቱ አየ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው ቢል ማን ያስተባብለው ነበር? ደብሪቱም ይህን ታውቃለች፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ የላትም። ምንተስኖት ግን ከክርስትና አባቱ ዓይን ማምለጥ አልቻለም።

"ከአውድማው" አለ።

ከዚያ ተቀዶ እንደተለቀቀ ስልቻ ሁሉንም አፈሰሰው። ቅዳሴ አልሄደም። ጫማውን እንደ ወጉ ከዳር አውልቆ ክምሩ ሥር ነው ያደረው፤ ጎህ ሲቀድ ውርጩ ጣቶቹን ሲቆረጥመው በገል ላይ ኩበት አቀጣጥሎ ሞቀ፤ ሙቀቱ እንቅልፍ ጣለበት። ሲነቃ ክምሩ ይነድዳል። አባቱ በመድኃኔ ዓለም ምለዋል፤ ቢሰሙ ከቤት እንደሚያባርሩት ያውቃል። ስለዚህ ከቅዳሴ መጣሁ አለ፤ የሰው ዓይን ወደ እሱ እንዳይዞር ደግሞ ሌላ ነገር አደረገ። ይህን ሌላ ነገር ሊናገር ሲል አባባ መልከ ጼዴቅ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

"የወፍ ስም አልጠራም፤ ምያለሁ" አሉ ለሸንጎው። "ነገር ግን ደንብ ያፈረስኩ እኔ ነኝ። ከተበዳይ ቤት ወፍ ተቀብያለሁ። በዓይኔ ሥር ያደገ አይዋሸኝም ብዬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ወንበር ለሌላ ስጡት።"

ወንድምአገኝ ከእናቱ አልጋ አጠገብ ተንበረከከ፤ ትከሻው ይርገበገባል። ደብሪቱ ደስ አላት፤ አልደበቀችውም። ደስታዋ ግን ዕድሜ አላገኘም። ከኋላ አንዱ እንግዲያው ፍርዱ ይዙር አለ። ሌላውም ተቀበለው፤ በንጹሕ ሰው ላይ የመሰከረ ቤት ነው ከእድር መሰረዝ ያለበት ተባለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከግንቡ ወዲያ የምንተስኖት እናት ተሾመች መሬት ላይ ተቀመጠች። አቶ መኳንንት በበትራቸው ላይ አጎነበሱ። ደብሪቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይገባቸዋል ብላለች በሆዷ።

"አቅኑኝ" አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ። ወንድምአገኝ ደግፎ አቀናቸው። "እቺን ሴት ያመጣኋት ሞቴን ለተሾመች ላወርሳት አይደለም። እሷም ነገ ትሞታለች። እኔ ስንት ቀን ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ ማን ያነሳኛል ስል እንደከረምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ማንም አይሰረዝ።"

"ታዲያ ካሣሽ ምን ይሁን?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"ስሞት ይሄ ልጅ ይሸከመኝ። ከልጄ እኩል።"

ወንድምአገኝ እጁን ከእናቱ ላይ አነሳ። "እሱ አንቺን አይነካም" አለ። "ሌላ ሁሉ ይቅር፤ ይሄን አትለምኚኝ።" ብሎ ከሸንጎው ወጥቶ ሄደ። እናትየው ከኋላው አልጠሩትም፤ አልጋው ላይ ተመልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሸንጎው ግን ቃላቸውን ተቀብሎ ተነሳ። ደብሪቱ በዚያ ሰዓት ከልጁ ጋር ነበረች። እኔም ብሆን እምቢ ነበር የምለው ስትል ለሳሌም ነገረቻት።

ወይዘሮ የትምወርቅ የገና በዓል ሳይደርስ አረፉ። አረጋሽ ስትደውል ደብሪቱ መሐል ሜዳ ገበያ ውስጥ የጠፋ በሬ ትከታተላለች፤ በሬውን ትታ የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ወጣች። ጅብራ አምባ ስትደርስ የሰው ብዛት መንገዱን ሞልቶታል። ከቀየት መጥቷል፣ ከጓሳ ወዲህ ካሉት መንደሮች ሁሉ መጥቷል። አቶ መኳንንት በበትራቸው ተደግፈው ከፊት ይሄዳሉ፤ ተሾመች ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። ደብሪቱም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ ጋር ገባች።

ቃሬዛውን ከፊት በቀኝ በኩል የያዘው ወንድምአገኝ ነው። ከቤቱ ጀምሮ አልተቀየረም። ሌሎቹ ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ ይገባሉ፤ ምንተስኖት ከኋላ ከኋላ ይከተላል፣ ሊጠጋ አይደፍርም። የሚያዘውም የለም። ሁለቱ ከእሑዱ ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣው ዳገት ጋ ሲደርሱ ከወንድምአገኝ ጎን የነበረው ተሸካሚ ትንፋሽ አጠረውና ቅየሩኝ አለ። ከፊት ለፊት የነበሩት ጎልማሶች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ዓይናቸው ወደ ኋላ ወደ ምንተስኖት ሄደ፤ ማንም ሳይገባ ቀረ። ቃሬዛው ዳገቱ ሥር ቆመ። ደብሪቱ ከሴቶቹ መሐል ሆና የወንድምአገኝን ጀርባ ታያለች፤ ይሄ ሰው አሁን ዞሮ ሌላ ሰው ቢጠራ አልፈርድበትም አለች።

ወንድምአገኝ ዞሮ አላየም። መሎጊያውን ትከሻው ላይ እንዳስተካከለ፣ ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጎ ነው የተናገረው።

"ምንተስኖት፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለ። "እናቴ ከበደችኝ።"

ልጁ በሰዉ መሐል እየሮጠ መጣና ትከሻውን ከሰውየው ትከሻ ቀጥሎ አስገባ። ሰውየው ወጣ። ቃሬዛው ትንሽ ዘመም ብሎ ቀና፤ ሁለቱ እርምጃቸውን አስተካክለው ዳገቱን ጀመሩት። ደብሪቱ በሥራዋ አልቅሳ አታውቅም፤ ያን ለት ግን እንባዋን ሳትጠርግ ከሴቶቹ ጋር ተከትላ ወጣች።